ሄድፎን በመልኩ ሳይሆን በማይኩ ይመረጥ

ዛሬ የማነሳው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ስለ ሄድፎን ነው። ግን እኛ ከእናታችን፣ ከልጃችን፣ ከጓደኛችን ጋር የምንገናኘው በስልክ ነው። ያውም ሥራ ካለቀ በኋላ፣ በሌሊት፣ ሰው ቤት ሆነን። ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ሄድፎን ስንገዛ መጀመሪያ ማየት ያለብን ማይኩን ነው። ለመልኩና ለመብራቱ ደሞ አንድ ዶላር እንኳን መጨመር የለብንም።

ብዙዎቻችን ላውድ ላይ አድርገን እናወራለን። የቤቱ ሰዎች አማርኛ ባይሰሙም ለቅሶ ይሰማሉ። ደሞዟ የተያዘባት ወይም የተመታች እህት ስትደውል ድምጿ ሳሎን ድረስ መሄድ የለበትም። ሄድፎን የሷን ድምጽ ይደብቃል፤ የኛን ግን አይደብቅም። ለኛ የሚጠቅመን ጥሩ ማይክ ነው። ማይኩ አፋችን አጠገብ ሆኖ በደንብ ከያዘ ቀስ ብለን ማውራት እንችላለን። መጥፎ ከሆነ ግን "አይሰማኝም፣ ጮክ በይ" ትባያለሽ። ያኔ ሄድፎኑ ምን ጠቀመ?

በኢንተርኔት ስንሰበሰብም እንደዚሁ ነው። አንዷ ላውድ ላይ ስታደርግ ከስልኳ የሚወጣው ድምጽ ተመልሶ በማይኳ ይገባና ሌሎቻችን የራሳችንን ድምጽ መልሰን እንሰማለን። በአንድ ሰው ምክንያት ስብሰባው ሁሉ ይረበሻል።

እሁድ ዶራ ስንወጣ መብራት የሚያበሩት ትልልቅ የጌም ሄድሴቶች ዓይን ይስባሉ። እነዚህ በብዛት ለኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ሁለት የሚሰካ ጫፍ አላቸው፤ አንዱ ለድምጽ፣ አንዱ ለማይክ። ማገናኛ ካልገዛሽለት በስልክሽ ድምጽ ትሰሚያለሽ እንጂ ማይኩ አይሠራም። ካርቶኑ ላይ "7.1" የሚለው ለጌም ነው፤ ለስልክ ወሬ ምንም አይጨምርም። እውነቱን ለመናገር አፍ ድረስ የሚመጣው ማይካቸው ጥሩ ነው። ውጪ ቤት ተከራይታ በኮምፒውተር ትምህርት ለምትከታተል እህት ይሆናል። አገር ቤት ያለ ወንድምም "የጌም ሄድሴት ላኪልኝ" ካለ መጀመሪያ በምን እንደሚጫወት ይጠየቅ። በ200 ዶላር ደሞዝ የ80 ዶላር ሄድሴት አይላክም፤ መብራት የሌለው፣ ማይኩ ደህና የሆነ ይበቃዋል።

አንዳንድ እህቶች "ብሉቱዝ ይሻላል፣ እጅ አይዝም" ይላሉ። እውነት ነው፣ ገመድ በር እጀታ ላይ ይያዛል፣ ምድጃ አጠገብም አደገኛ ነው። ግን ርካሹ ብሉቱዝ ወሬ መሀል ባትሪው ያልቃል፣ አንዱ ጆሮ ከጠፋ ግማሹ ሄደ፣ ማይኩም ከአፍ ስለሚርቅ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ሰው ቤት ለምናድር ገመድ ላይ ማይክ ያለው ትንሹ ሄድፎን ይሻላል ባይ ነኝ። ምግብ ስናበስልና ስንተኩስ ግን እናውልቀው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ስንገዛ አንቸኩል። የሚሰካው ጫፍ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ ማይክ አለው፤ ሁለት ከሆኑ መስሚያ ብቻ ነው። ክብ ቀዳዳ የሌለው አዲስ ስልክ ከሆነ በቻርጅ ቀዳዳው የሚሰካ ታይፕ ሲ ያስፈልጋል። እሱም በሁሉም ስልክ ላይ ስለማይሠራ በራሳችሁ ስልክ ሞክሩ። ከሱቁ ሳትወጡ ቀስ ብላችሁ እየተናገራችሁ ድምጻችሁን ቅዱና አዳምጡ። ጫፉ አጠገብ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉ፤ ድምጹ ከተቆራረጠ መልሱት። የታወቀ ስም ተጽፎበት በ5 ዶላር የሚሸጥ ካያችሁ ስሙን አትመኑ፣ ጆሯችሁን እመኑ።

ጆሯችንንም አንርሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ድምጹን ከ60 በመቶ በላይ እንዳናደርግ ይመክራል። ሥራ ላይ ሳለን ደሞ አንዱን ጆሮ ክፍት እንተው፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ ደወል ይጮሃል፣ ውሃ ይገነፍላል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። አዲስ የመጣች እህት ደሞዟን እስክታገኝ ድረስ ሄድፎን መግዛት አትችልም፤ በጣም የምትፈልገው ግን ያኔ ነው። ቤታችሁ ትርፍ የሚሠራ ካለ እሁድ ስትመጡ ይዛችሁላት ኑ። ከእናቷ ጋር ማንም ሳይሰማባት ታውራ።