ሻወሩን መስታወት ከማሠራታችሁ በፊት

ሰሞኑን አንዲት እናት ልጇን አሳክማ ልትወጣ ስትል፣ "ዶክተር፣ ሻወራችን በር የለውም። መስታወት ላሠራለት ወይስ መጋረጃ ይበቃዋል?" አለችኝ። አዲስ ቤት ገብታ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አላት፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቷም አብረዋት ይኖራሉ።

እንዲህ ላለ ቤት የእኔ ምርጫ መጋረጃ ነው።

መስታወት ያምራል፣ ውሃም ወደ ውጭ አያስወጣም፤ አልክድም። ግን ሰው ውስጥ ቢወድቅስ? በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የወደቀው ሰው ራሱ ይዘጋዋል። ተንሸራታቹም መግቢያው ጠባብ ስለሆነ ሰው ደግፎ ለማውጣት ያስቸግራል። መጋረጃን ግን ገለጥ አድርጋችሁ ትገባላችሁ። እናታችሁን ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ለማጠብም፣ ልጁን ለመያዝም ቦታ ይሰጣችኋል።

"እኛ እኮ መስታወቱን አሠርተን ጨርሰናል" የምትሉ፣ ቴምፐርድ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ ጥጉ ላይ ማህተም ይኖረዋል። ተራ መስታወት ሲሰበር ስለታም ስንጥር ነው የሚሆነው፤ የእጅ ጅማታቸው ተቆርጦ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ። ቴምፐርድ እንደ ጠጠር ይፈረፈራል፣ ጉዳቱም ይቀንሳል። እሱም ቢሆን ጠርዙ ላይ ከተመታ በአንዴ ሊረግፍ ስለሚችል ልጆች በመጫወቻ እንዳይደበድቡት።

መጋረጃም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሻጋታ። ታጥባችሁ ስትወጡ ዘርግታችሁ ተዉት፤ እርጥቡን ከተሰበሰበ ታችኛው ጫፉ ይጠቁራል። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ቶሎ ቶሎ እጠቡት፣ አልለቅ ካለ ቀይሩት። በረኪና ስትጠቀሙ ደግሞ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ! የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

አንድ ነገር ግን ከሁለቱም ይበልጥብኛል። አረጋውያን ሲንሸራተቱ የሚይዙት ያገኙትን ነው፦ የመጋረጃውን ብረት፣ የፎጣ መስቀያውን። ሁለቱም ተነቅለው አብረው ይወድቃሉ። በዚያ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ማለት ቀዶ ጥገና፣ አንዳንዴም አልጋ ላይ መቅረት ነው። ስለዚህ ለመስታወቱ ካሰባችሁት ገንዘብ ላይ ቀንሳችሁ ግድግዳው ላይ በብሎን በደንብ የታሰረ መያዣ አስገጥሙ፤ ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ከሆነም የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ አንጥፉበት።

ያቺ እናት፣ "ባለቤቴ ከመስታወት ሌላ አይሆንም ብሏል" ብላኝ ነበር። እስቲ ይህን አሳዪው።