ዝምታው ዕረፍት አይደለም



ሰኞ ማለዳ ደሴ ሰኞ ገበያ ወጥቶ ቅቤ የገዛ ሰው ይህን ያውቃል። በደሴ ብርድ የጠነከረ ቅቤ በቢላ ሲመቱት ይሰነጠቃል። ያንኑ ቅቤ ይዘን ቁልቁለቱን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ግን ለጣት ይታዘዛል። ሲጫኑት ቅርጹን ይለውጣል እንጂ አይሰበርም። ገና አልቀለጠም፤ ያው ጠጣር ቅቤ ነው። የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ከእግራችን ሥር ያለው ዓለትም ጠባዩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ለወራት ሲናወጥና ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ፣ በዶርማችን ሁለት ዓይነት ወሬ ነበር። አንደኛው በየስልኩ የሚዞር «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይመታል» የሚል ማስፈራሪያ ነው። ሁለተኛው «ምን አጥፍተው ይሆን?» እያለ በተፈናቀለው ሰው ላይ ፍርድ የሚሰጥ ንግግር ነው። መናወጡ ጋብ ሲል ሁለቱም ጠፉና በምትካቸው «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» ማለት ጀመርን። ማመስገኑ ተገቢ ነው። «አለፈ» ማለታችን ግን ስሕተት ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ጥቂት ወደ ታች እንውረድ።

ወደ መሬት ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል። የላይኛው ዓለት ቀዝቃዛ በመሆኑ እንደ ደሴው ቅቤ ነው። ጫናውን ይሸከማል፤ ከአቅሙ ሲያልፍ ይሰነጠቃል ወይም በቆየ ስንጥቁ ላይ ድንገት ይንሸራተታል። የመሬት መንቀጥቀጥ የምንለው ይህንኑ ነው። ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ኳርትዝ የተባለው ማዕድን መላላት ይጀምራል። ፌልድስፓር እስከ 450 ዲግሪ ገደማ ይጠነክራል። ከቅርፊቱ በታች ያለው የላይኛው ማንትል በአብዛኛው ኦሊቪን የተባለ ማዕድን ስለሆነ ከዚያም የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል።

ብዙዎቻችን ከቅርፊቱ በታች ያለው ሁሉ የቀለጠ እሳት ይመስለናል። አይደለም፤ ማንትል በአብዛኛው ጠጣር ዓለት ነው። ጠጣር ሆኖ ግን ይፈስሳል። እንዴት? የመስጂድ ሰፊ ምንጣፍ ከተነጠፈ በኋላ አንድ ክንድ ወደ ሚሕራቡ ማስጠጋት ቢያስፈልግ፣ ሙሉውን መጎተት ለአሥር ሰውም ይከብዳል። ዘዴ የሚያውቅ ሰው ግን ጫፉ ላይ እጥፋት ይሠራና እጥፋቱን እየገፋ ወደ ሌላው ጫፍ ያደርሰዋል። ምንጣፉ ሳይቀደድ ቦታውን ይለውጣል። በማዕድን ክሪስታል ውስጥም አተሞች ከሰልፋቸው የተዛነፉበት ቦታ አለ። ሙቀትና ጫና ሲያግዙት ዝንፈቱ ከረድፍ ወደ ረድፍ ይሻገራል፤ ዓለቱም ሳይሰበር ቅርጹን ይለውጣል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይሆናል። በስካንዲኔቪያ ምድሪቱን ተጭኖ የነበረው ግዙፍ በረዶ ከቀለጠ 10,000 ዓመት ገደማ ቢሆነውም፣ ከሥር ያለው ማንትል ቀስ ብሎ እየተመለሰ መሬቱን ዛሬም በአንዳንድ ቦታ በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከኢትዮጵያ ደጋ ሥር ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ወደ አፋር ሲወረድ እየሳሳ ይሄዳል፤ በአንዳንድ ቦታ ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉት ወፍራሙ ወደ ስሱ በሚሻገርበት ዳር ላይ ነው። የቦርከና ሸለቆ ራሱ መሬቱ ተሰንጥቆ ዝቅ ያለበት ቦታ ነው። በአፋር በኩል ዓረቢያና አፍሪካ በዓመት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ጥልቁ ትኩስ ዓለት ይህን መራራቅ ያለ ማቋረጥ በመፍሰስ ያስተናግደዋል። የላይኛው ቀዝቃዛ ዓለት ግን መፍሰስ አይችልም፤ ተያይዞ ይቆይና ጫናውን ያጠራቅማል። እኛ ጸጥታ የምንለው ይህን የማጠራቀሚያ ጊዜ ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት በሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ፣ ቀልጦ የወጣ ዓለት ስንጥቁን እየሞላ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ብለን ብናሰላው፣ 8 ሜትር የ400 ዓመት ክምችት ነው። ይህ በረሃ ውስጥ ስለሆነ ሩቅ መስሎን ይሆናል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ ግን ከ6 በላይ መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ከከሚሴ ወዲያ ካራቆሬን መታ። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ አውራ ጎዳናውም ተጎዳ። ለዒድ ወደ አገራችን ስንሄድ ብዙዎቻችን በመኪና የምናልፈው ያንኑ መንገድ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ሁሉም በቀደር ነው፤ ምን ያስጨንቃል?» ይሉናል። በቀደር እናምናለን። ግን በፈተና ሰሞን ቀደር ነው ብሎ ደብተሩን የሚዘጋ ተማሪ አላየንም። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር እንደማይጣላ መድረሳ ገና በልጅነታችን አስተምሮናል። ተፍሲረል ጀላለይን የቀራን ሁሉ ኢማም ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢን እናውቃቸዋለን። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ብቻ የጻፉት ኪታብ እንዳላቸው ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? «ከሽፉ አስ-ሰልሰላ ዐን ወስፊ አዝ-ዘልዘላ» በተባለው ሥራቸው የደረሰውን መንቀጥቀጥ በየዓመተ ሒጅራው መዝግበዋል፤ የዘርፉ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ዓሊሙ ሊመዘግቡት የሚገባ ያሉትን እኛ በሁለት ወር ልንረሳው አይገባም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የ1953ቱን የሚያስታውሱ አባትና እናቶችን እንጠይቅ። የት ነበሩ? የትኛው ቤት ወደቀ? የትኛውስ ቆመ? ምንጭ ደረቀ ወይስ አዲስ ፈለቀ? ስማቸውን ሳይሆን የነገሩንን ከነቦታው ጽፈን ጀመዓው ዘንድ እናስቀምጥ። በዚያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበሩት ዛሬ ሰባውን አልፈዋል፤ ጊዜ የለንም።

ሁለተኛ፣ ይህ ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነው። የአገራችን የሕንፃ ደንብ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣውም ሆነ የ2015ቱ፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። መሠረታዊ ሐሳቡም ሕንፃው ሲናወጥ እንደ ብርዱ ቅቤ ከመሰንጠቅ ይልቅ እንደ ሞቀው ቅቤ እንዲታጠፍ ነው። የስታፋው ጫፍ 90 ሳይሆን 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው፤ አምዱ ሲጎብጥ ፌሮውንና ኮንክሪቱን አቅፎ ይይዛል። ብረት ተወዷል፤ እናውቃለን። ይህችን እጥፋት ማስተካከል ግን የሚጠይቀው ትንሽ ብረትና የአንድ ሰው ትኩረት ነው። ለተግባር ልምምድ ሳይት ስንወጣ፣ ለሱቅ ሲባል ምድር ቤቱ ያለ ግድግዳ በቀጫጭን አምዶች ላይ የቆመ ሕንፃ ስናይ፣ ወይም መስጂድ ሲሠራ ስታፋው ተራርቆ ስናይ በአደብ እንናገር። ፎርማኑ ቢቆጣም እንናገር። አማና ማለት ይህም ነው።

ሦስተኛ፣ ቤቱ በፈረሰበት ሰው ላይ አንፍረድ። ያ ሰው የተጎዳው ጥልቁ ዓለት ለዘመናት ሲጎትተው በኖረ መሬት ላይ ስለሚኖር ነው። እኛም የምንኖረው በዚያው ዳር ላይ ነው። ለእሱ የሚገባው ዱዓችንና ሰደቃችን ነው።

ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ዶርም ስንገባ መሬቱ ጸጥ ያለ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ። ከሥሩ ያለው ዓለት ግን አንድም ሌሊት አያርፍም። ጸጥታውን ለመርሳት ሳይሆን ለመዘጋጀት እንጠቀምበት።