ሰኔ በጥቅምት ሲገባ

ጎንደር ላይ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፤ ጭቃው ይጠጥራል፤ አደይ አበባ ሜዳውን ያለብሰዋል። የሰኔው ዘር በቅሎ፣ ታርሞ፣ ገበሬው ዐይኑን እሸቱ ላይ ይጥላል። በእስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ላይ፣ የዚያው ወር መልክ የተገለበጠ ነው። ከሚያዝያና ከግንቦት ወዲህ ዝናብ ጠብ ያላለለት መሬት ሣሩ አሮ «ዮሬ»ን፣ የመጀመሪያውን ዝናብ፣ ይጠብቃል። የአይሁድ ምእመናን በዕብራይስጡ አቆጣጠር ከሄሽቫን ወር 7 ጀምረው ዝናብ በጸሎት የሚለምኑትም ለዚህ ነው። እዚህ ሰኔ የሚገባው በጥቅምት ነው።

በሽኩን (በመኖሪያ ሕንፃ) ግርጌ ያለችውን ቁራሽ መሬት ጓሮ ላደረገ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ፣ ይህን የወቅት መገለባበጥ ልብ ማለት ከማዳበሪያ ሁሉ ይቀድማል። በሐምሌ ፀሐይ ቃሪያና ቲማቲም ሲያጠጣ የከረመ ሰው መኸር ላይ ደክሞት ዶማውን ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። መሬቱ ግን ሊሠራ የሚወደው ያን ጊዜ ነው።

አፈሩም ድሃ ነው፤ ድህነቱም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ያቭኔ ለባሕሩ አሸዋ ቅርብ ናት፤ አሸዋማ ጓሮ ላይ የፈሰሰ ውኃ ሥሩ ሳይጠግብ ወደ ታች ይወርዳል፤ የተክሉንም ምግብ ይዞበት ይሄዳል። በገዴራ በኩል «ሃምራ» የሚባለው ቀይ አሸዋማ አፈር አለ። ለብርቱካን የተመሰገነ ነው፤ ብስባሹ ግን ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ቦታም ከሥሩ «ናዛዝ» የሚሉት ውኃ የማያሳልፍ ጠጣር ንጣፍ ይገኝበታል። ወደ ቤኤር ቱቪያ ሲጠጉ ጥቁርና ከባድ አፈር ይመጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ዶማ ላይ ይለጠፋል። የደምቢያ ሰው ለዚህ አፈር ስም አያጣለትም፤ ዋልካ ይለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከሕንፃ ሥራ የተረፈው ሙሌት ነው፦ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የብሎኬት ስብርባሪ፣ ኖራ።

ኖራ ከተነሣ ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ መመርመር አለበት፤ አመድ። በአገር ቤት የምድጃ አመድ ጓሮ ላይ ይበተናል፤ ጎመኑም ይወዛል። ልክ ነበር። የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ብዙው አሲዳማ ነው፤ ዛሬም የግብርና ባለሙያዎች ገበሬው ኖራ እንዲበትንበት ይመክራሉ፤ አመድም የኖራን ሥራ ይሠራል። ኖራና ሲሚንቶ በጠገበ ጓሮ ላይ ግን ያው አመድ ይጎዳል። አፈሩ ኖራ ሲበዛበት ብረቱ በውስጡ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም፤ የሎሚው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ገላው ቢጫ ይሆናል። ይህን ያየች እናት ውኃ ያነሰው መስሏት ደጋግማ ብታጠጣው፣ በላዩም ሌላ እፍኝ አመድ ብትጨምርለት ይብስበታል። እውቀቷ አልጎደለም፤ አፈሩ ተለወጠባት እንጂ። ይህን ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው በአክብሮት ሊነግራት ይገባል።

ለአሸዋውም ለዋልካውም የሚበጀው አንድ ነገር ነው፤ ብስባሽ። አሸዋው ውኃ እንዲይዝ፣ ዋልካው እንዲላላ ያደርጋል። በቤኤር ቱቪያ አካባቢ ባሉ ሞሻቦች (የገበሬ መንደሮች) የወተት ላምና ዶሮ ስለሚረባ ፍግ ሩቅ አይደለም። ትኩስ የዶሮ ኩስ ግን ሥር ያቃጥላል፤ ከደረቅ ቅጠል ጋር ተከምሮ ወራት መክረም አለበት። ሌላው ሀብት መንገድ ዳር ይጣላል። «ጌዜም» የሚባለው የተከረከመ ቅርንጫፍና ቅጠል በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ ያው ቤተሰብ ደግሞ በፕላስቲክ የታሸገ አፈር ከሱቅ ገዝቶ ይመጣል። ከተሞቹ ከዚህ ጭነት ጥቂቱን ፈጭተው ከዮሬ በፊት በየሽኩኑ ጥግ ቢያራግፉ፣ የሰፈሩ አረጋውያን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጓሮውን ባለበሱት ነበር። ይህ ለከተሞቹ መቅረብ ያለበት ጥያቄ ነው።

ከዚያ ባቄላ ይዘራል። ጥቅምትና ኅዳር ለባቄላ ደግ ናቸው። በሥሩ ላይ በሚያፈራቸው እብጠቶች ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ተክሉን ይመግባሉ። ከባቄላው ግማሹን አበባ ሲያወጣ ከአፈሩ ላይ አጭዶ እዚያው ማልበስና ሥሩን ሳይነቅሉ መተው ነው፤ እሸት የሚወድ ደግሞ ቀሪውን ግማሽ ያቆይ። ዋልካ ያለው ሰው መደቡን ከፍ አድርጎ ይሥራ። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች በዋልካ ማሳቸው ላይ ውኃው እንዲወርድላቸው መደቡን በእጃቸው እየቆለሉ ሲያበቅሉ ኖረዋል። ጭቃ ሆኖ ሳለ መቆፈር ግን መሬቱን ጡብ ማድረግ ነው።

ለአንዲት ቁራሽ መሬት ይህን ያህል ልፋት ለምን የሚል ቢኖር፣ የቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያን አይሁድ፣ ነገር ያስታውስ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው አረሱ፤ ቀጥቃጭነትን፣ ሸማኔነትንና ሸክላ ሥራን ያዙ። ጭሰኝነትን ያስቀረው የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1967 ነው። ከ10 ዓመት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ እስራኤል የሚወስደውን የሱዳን መንገድ ጀምረው ነበር። የራሳቸው ብለው አፈር ያደለቡበት ዘመን አጭር ነው። በገዴራ ሻፒራ ሰፈር አረጋውያን ጎን ለጎን የሚያለሙት የጋራ አትክልት ቦታ ከዚህ ታሪክ ጋር ሲታይ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ እጅግ ይበልጣል። ቂርያት ማላኪና ያቭኔም በየሕንፃው መካከል ባዶ የቀረውን መሬት ለእንዲህ ዓይነቱ እጅ ቢፈቅዱ ተገቢ ነው።

ዘንድሮ ለሚጀምር ሰው ነጭ ሽንኩርት አያሳፍረውም። የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ የሚውለው በሄሽቫን 29 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱን ፍሬ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ሁለት ጣት ጥልቀት መትከል፣ በላዩም ደረቅ ቅጠል ማልበስ ነው። ክረምቱን ዝናቡ ያጠጣዋል። ከፔሳህ (ከአይሁድ ፋሲካ) በኋላ ቅጠሉ ሲገረጣ ይነቀላል፤ የባቄላው ግማሽም ያን ጊዜ ለአልጫ ደርሶ ይጠብቃል።