ስለ አንድ የተሰረዘ ጽሑፍ

በጁን 2024 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኔቸር የተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት ከ18 ዓመት በፊት ያተመውን አንድ ጽሑፍ መሰረዙን አስታወቀ። ጽሑፉ አልዛይመር ስለሚባለው የመርሳት በሽታ የሚናገር ሲሆን፣ እስኪሰረዝ ድረስ 2,500 ጊዜ ያህል በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ በምስክርነት ተጠቅሶ ነበር። ነገሩ የአሜሪካኖች ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። በየሳምንቱ የላቦራቶሪ ሪፖርት የምንጽፍ ተማሪዎችና ያንኑ ሪፖርት የሚያርሙ መምህራን ግን ዝም ብለን ልናልፈው የሚገባ አይመስለንም።

አባት የገዛ ልጁን ስም ሲረሳ፣ እናት ዕድሜዋን የኖረችበት ደጅ ሲጠፋት፣ በእኛ አገር «ጃጁ» ተብሎ ይታለፋል። አሎይስ አልዛይመር የተባሉት ጀርመናዊ ሐኪም ግን በ1906 የአንዲት ሟች በሽተኛቸውን አንጎል በማይክሮስኮፕ መርምረው፣ በሴሎቹ መካከል የተጋገረ ዝቃጭ፣ በሴሎቹም ውስጥ የተተበተበ ክር ማግኘታቸውን ለሐኪሞች ጉባኤ አስረዱ። ዝቃጩ አሚሎይድ ቤታ ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ መሆኑ የታወቀው በ1980ዎቹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 የአእምሮ መዳከም ያለባቸው ሰዎች 57 ሚሊዮን ነበሩ። ከእነዚህም ከመቶው ከ60 የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው።

ሊቃውንቱን ያስቸገራቸው አንድ ነገር ነበር። አንጎላቸው በዝቃጭ ተሞልቶ ሳለ አእምሮአቸው እንደ ምላጭ የሰላ ሽማግሌዎች ይገኛሉ። እንግዲያው የሚጎዳው የተጋገረው ዝቃጭ ሳይሆን ገና ያልተጋገረው፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፈው ጥቃቅን ስብስብ ይሆን? በ2006 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «አገኘነው» አሉ። የጽሑፉ የመጀመሪያ ደራሲ ሲልቫን ሌስኔ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ደግሞ ካረን አሽ ነበሩ። ስብስቡን «አሚሎይድ ቤታ ኮከብ 56» ብለው ሰየሙት። ከአይጦች አንጎል አጣርተው በጤነኛ አይጠ መጎጦች አንጎል ውስጥ ሲያስገቡት እንስሶቹ የተማሩትን መንገድ ረሱ ተባለ።

ማስረጃው በአብዛኛው ሥዕል ነበር። ፕሮቲን በመጠኑ ተለይቶ በፊልም ላይ እንደ ጥቁር መስመር ይታያል፤ መስመሩ ሲወፍር ፕሮቲኑ በዝቷል ማለት ነው። ይህን ሥዕል 2,500 ጽሑፍ በምስክርነት ሲጠራው፣ ጠጋ ብሎ ያየው ስንቱ ነበር? በኋላ ያዩት በቴኔሲ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የሆኑት ማቲው ሽራግ ናቸው፤ ያን ጊዜ ገና ወጣት መምህር ነበሩ። አንዳንዶቹ መስመሮች ከሌላ ቦታ ተቀድተው የተለጠፉ መሰሏቸው። ዋናው ፊልም በእጃቸው ስላልነበረ «ማጭበርበር ነው» ከማለት ተቆጠቡ፤ ይህ ጥንቃቄአቸው ከግኝታቸው የማያንስ ይመስለናል። ሳይንስ የተባለው መጽሔት ጉዳዩን በጁላይ 2022 ይፋ አወጣው። ኔቸር ከሁለት ዓመት በኋላ ጽሑፉን ሲሰርዝ በሥዕሎቹ ላይ የመቆራረጥ፣ የመደጋገምና በኮምፒዩተር ላጲስ የመፋቅ ምልክት መኖሩን ገልጿል። ሌስኔ በስረዛው አልተስማሙም። አሽ ተስማምተዋል፤ ሆኖም ኮከብ 56 በእርግጥ ያለ ነገር ነው የሚለውን እምነታቸውን አልተዉም።

ከዚህ ተነሥቶ «የአሚሎይድ ሐሳብ ሁሉ ውሸት ነበር» የሚል ቢገኝ ተሳስቷል። በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ሌካነማብ የተባለ መድኃኒት በዚሁ ፕሮቲን ላይ የሚሠራ ነው፤ በሽታውን ባያድንም ጥቂት ያዘገየዋል። ሐሳቡ የቆመው በአንድ ጽሑፍ ላይ አልነበረም። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ሌላ ነው። ኮከብ 56ን በየላቦራቶሪአቸው ፈልገው ያጡ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን «ፈለግን፤ አጣን» የሚል ጽሑፍ ለማሳተም የሚቸኩል መጽሔት የለም፣ ለማዕረግም አያበቃም። ስለዚህ ያገኘው ድምፅ ሲሰማ ያጣው ዝም አለ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉን አይጠፉም። ይኸኛው ጅብ ግን በእኛም ላቦራቶሪ ያድራል። የፔንዱለሙ ሙከራ 9.8 ካልሰጠ ማርክ ይቀነስብኛል ብሎ የሚፈራ ተማሪ ምን ጊዜም 9.8 ያገኛል። ክሩ ቢላላ፣ ሰዓቱ ቢዘገይ፣ ከመልሱ ወደ ኋላ አስልቶ ሠንጠረዡን ይሞላል፤ ካልሆነም ካለፈው ዓመት ተማሪ ይገለብጣል። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የማያውቅ መምህርም ያለ አይመስለንም። ተማሪውን ሰነፍ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ነገር ግን 9.1 ያገኘው ልጅ እንዴት እንዳገኘው ሳይጠየቅ ዝቅተኛ ማርክ የሚሰጠው ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? መምህራኑም ቢሆኑ ዕድገታቸው ባሳተሙት ጽሑፍ ብዛት ጭምር የሚለካ ስለ ሆነ ችግሩ ከእኛ ይልቅ ለእነሱ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ይህች ጋዜጣ መምህራኖቻችንን የምትለምነው ብዙ አይደለም። የላቦራቶሪ ደብተር በቀለም ይጻፍ፤ ገጹ ቁጥር ይኑረው፤ የተሳሳተ ቁጥር በላጲስ አይፋቅ፤ ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዝ። ከሪፖርቱ ጋር ደብተሩም ይታረም። ማርኩም ለመጽሐፉ ቁጥር በመቅረብ ሳይሆን ለሥራው አካሄድና ለስሕተቱ ማብራሪያ ይሰጥ። በእኛ በኩል ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ አንድ ገጽ ላልተሳኩ ሙከራዎች ለይተናል። ምን እንደ ሞከራችሁ፣ ምን እንደ ጠበቃችሁና ምን እንዳገኛችሁ ጽፋችሁ፣ ከደብተራችሁ ገጽ ቅጂ ጋር በማኅበሩ ቢሮ አስረክቡ። ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ አይጻፍበትም።