ከ5,000ው አንዷን

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1945 ሲያበቃ የአሜሪካ መንግሥት እጅ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖች ተረፉ። የሚዋጉት ጠላት የለም፤ ጠባቂ፣ መካኒክና ማቆሚያ ግን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዝናብ የማይበዛባቸው፣ ብረት ቶሎ የማይዝግባቸው የበረሃ ሜዳዎች ተመረጡ። አሪዞና ውስጥ ኪንግማን በምትባል ከተማ አጠገብ ብቻ ከ5,000 በላይ ተደረደሩ። ከመካከላቸው ብዙ ቢ-17 እና ቢ-24 ቦምብ ጣዮች ነበሩ። ከፋብሪካ ወጥተው አንድም ቀን ሳይዋጉ በቀጥታ ወደ እንዲህ ዓይነት ሜዳ የተነዱም አሉ።

የኪንግማኑን ክምችት አንድ የሥራ ተቋራጭ በ2.7 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ጠቅልሎ ገዛው። ሲካፈል ለአንዱ አውሮፕላን 500 ዶላር ገደማ ይደርሳል። አንድ ቢ-17 ሲሠራ ግን ከ200,000 ዶላር በላይ ይፈጅ ነበር። ሞተሩ ተፈታ፣ ክንፉ ተቆረጠ፣ አካሉ እቶን ገብቶ የአልሙኒየም ጡብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሜዳው ባዶውን ቀረ።

በዚህ የሚቆጣ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን አቅላጮቹን አልወቅስም። ከጦርነት የወጣ ሕዝብ ድስትም ጣሪያም ያስፈልገዋል። እንግሊዝ ውስጥ ከአውሮፕላን ስብርባሪ የተገኘ አልሙኒየም ቤት ላጡ ሰዎች ተገጣጣሚ ቤት ሆኗል፤ የዚህ ዓይነት ቤቶች ቁጥር ከ50,000 ያልፋል። የእኛዋ ምናለሽ ተራም ብትሆን የምትኖረው ከአሮጌ ብረት ምድጃና ማንኪያ እያወጣች ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ ከ5,000 ውስጥ አንዷን ለይቶ የማስቀመጥ ኃላፊነት የማን ነበር?

ሜምፊስ ቤል የተባለችው ቢ-17 የተረፈችው ዝነኛ ስለነበረች ነው። 25 የውጊያ በረራ ጨርሳለች፣ ፊልም ተሠርቶላታል። እንዲያም ሆኖ ጦርነቱ ሲያልቅ ኦክላሆማ ውስጥ የመቅለጥ ተራዋን ስትጠብቅ ነው የተገኘችው፤ የሜምፊስ ከተማ በ350 ዶላር ገዛቻት። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ደጅ ላይ ቆማ ዝናብ መታት፣ መታሰቢያ ፈላጊም ዕቃዋን እየነቀለ ወሰደ። ዛሬ ታድሳ ኦሃዮ ዴይተን በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆማለች። ስም ያልነበራቸው ግን ጠያቂም አላገኙም። እንግሊዞች ከ6,000 በላይ ሃሊፋክስ ቦምብ ጣዮች ሠርተው አንድ ሙሉ እንኳ ለሙዚየም አላስቀመጡም። ዛሬ ካናዳ ውስጥ የምትታየው አንዷ እ.ኤ.አ. በ1995 ኖርዌይ ከሚገኝ ሐይቅ ሥር ተጎትታ የወጣች ናት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ከዚያው የጦርነት ትርፍ ለእኛም ደርሶናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአሜሪካ መንግሥት በተገዙ አምስት ሲ-47 የጦር ማጓጓዣዎች ነበር። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ የደረሰው በእነዚሁ ነው። ወታደር ይቀመጥበት በነበረው የጎንና ጎን አግዳሚ ላይ መንገደኛ ተቀመጠ። ከሚቀልጠው ክምር የተረፈ ብረት ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ተጠብቆ የመቆየት ሌላዋ ምስክር «ፀሐይ» ናት። በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር መሪነት በ1928 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የተሠራችው ይህች ትንሽ አውሮፕላን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወሰደች፣ ሮም አቅራቢያ ባለ ሙዚየም ለረጅም ዓመታት ቆየች፣ በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። መወሰዷ በደል ነበር። ሆኖም የወሰዷት ሰዎች እንደ ምርኮ ዕቃ ጠብቀዋታል። እዚሁ ብትቀር ኖሮ ክንፏ ያረጀ ቀን «ትቀመጥ» የሚል ባለሥልጣን ይገኝ ነበር ወይ? በእርግጠኝነት አዎ ለማለት ይከብደኛል።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶቻችን ያገለገለ ንብረት የሚያስወግዱት በአብዛኛው በጨረታ ነው፤ አሠራሩ የሚያየው ዋጋና ክብደት ነው። ታሪክን የሚመዝን አምድ ቅጹ ላይ ይጨመር። አውሮፕላንም ይሁን ታንክ ወይም ባቡር፣ የመጨረሻው ከመሸጡ በፊት አንዱ ይነሳ፤ መራጮቹም ያበረሩት፣ የጠገኑት፣ የነዱት አንጋፋዎች ይሁኑ። ከብረቱ ጋር የበረራና የጥገና መዝገቡ ይቀመጥ፣ የሠራተኞቹ ስም ይጻፍ፣ ቃላቸው ይቀዳ። መዝገብ የሌለው አውሮፕላን ለሚመጣው ትውልድ የሚነግረው ትንሽ ነው። ወጪው ብዙ አይደለም፤ 350 ዶላር የበቃበት ጊዜ ነበር። ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ግን ያንኑ ዕቃ በሚሊዮንም መልሶ መግዛት አይቻልም።