ታፔላ በመቀያየር ፍትሕ አይገኝም!

ውድ የከተማ መራጮች!

በአገራችን «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተሰነዘረ እጅ ይታጠፍ ነበር። ዛሬ ግን ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲጠብቅ የዋለ ዜጋ ይዞ የሚመለሰው ፍርድ ሳይሆን ሌላ ቀጠሮ ነው። የቤት ክርክር ያለባቸው ጡረተኛ፣ ያለ አግባብ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ፣ ለልጆቿ ቀለብ የምትጠይቅ እናት የሚሰጣቸው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ዳኛው ተዛውረዋል»፣ «ዐቃቤ ሕጉ ሥራ ለቋል»፣ «መዝገቡ አልቀረበም»።

ይህ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት አይደለም፤ የብልሹ አስተዳደር ውጤት ነው። ገዥዎቻችን ለዚህ ያቀረቡት መድኃኒት ምን እንደነበረ እናስታውስ። ፍትሕ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. ቀርቶ ሥራው ለፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ፍትሕ ሚኒስቴር ተባለ። ማኅተሙም ታፔላውም ተቀየረ። በመዝገብ ክምር የተዋጠው ዐቃቤ ሕግ ግን ከነችግሩ እዚያው ቀረ። ከዚያ በፊትም ቢፒአር ሲባል፣ ቢኤስሲ ሲባል ባለሙያው ጊዜውን በስብሰባና በሪፖርት ጨርሷል።

በ2013 ዓ.ም. አዲስ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅና የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ መውጣታቸውን አንክድም። ነገር ግን አዋጅ ችሎት አይቀመጥም፤ ችሎት የሚቀመጠው ሰው ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተማረው ወጣት የሕግ ባለሙያ ልምድ ባካበተ ማግስት ለቆ የጥብቅና ፈቃድ ያወጣል። እሱን አንወቅስም። የቤት ኪራይ ከፍሎ ወሩን መዝለቅ ያቃተውን ሰው በሕሊናህ ብቻ ኑር ማለት ለጉቦ በር መክፈት ነው። ከበላዩ የሚሾመው ኃላፊ በችሎታው ሳይሆን በታማኝነቱ ሲመረጥ ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል የሥራ መመሪያ ይሆናል።

ስለዚህ ፓርቲያችን በእናንተ ድምፅ ሲመረጥ የሚከተሉትን ይፈጽማል፦

1. የዳኞች ምልመላና የዐቃብያነ ሕግ ቅጥርና ዕድገት በግልጽ ውድድር ይሆናል። የፓርቲ አባልነት መመዘኛ መሆኑ ይቀራል።

2. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፍርድ ቤቶቹን በጀት በቀጥታ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ እንዲያስወስንና እንዲያስተዳድር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 የተሰጠው ሥልጣን ያለ አስፈጻሚው ጣልቃ ገብነት በሥራ ላይ ይውላል።

3. የዳኞች፣ የዐቃብያነ ሕግና የሬጅስትራር ሠራተኞች ደመወዝና የቤት አበል ከኑሮ ውድነት ጋር እየተገናዘበ በየጊዜው ይሻሻላል። ከዚያ በኋላ ጉቦ የሚቀበል ምሕረት የለውም።

4. ዳኛም ሆነ ዐቃቤ ሕግ በእጁ ያሉትን መዛግብት ለተተኪው ሳያስረክብ አይዛወርም።

5. እያንዳንዱ ፍርድ ቤት ስንት መዝገብ እንደተከፈተ፣ ስንት እንደተዘጋ፣ ስንት እንደተንጠለጠለ በየሩብ ዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ለሕዝብ ያሳውቃል።

ውድ መራጮች! ፍትሕ ከባለሥልጣን የሚለመን ምጽዋት አይደለም፤ ግብር የከፈላችሁበት መብት ነው። በምርጫው ቀን ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ። በቀጠሮ ላመላለሳችሁ መንግሥት ዳግመኛ ቀጠሮ አትስጡት!