የሸንጎ ዳኝነት በጋራ ደንብ ይመራ!

የሁለት ወር የቤት ኪራይ ወይም የአንድ ግቢ አጥር ክርክር ለባለሀብቱ ኢምንት ነው። ለወዛደሩ ግን የልጆቹ ቀለብ ነው። የአካባቢ ዳኝነትን ጥያቄ ከታላላቅ ችሎቶች ጥያቄ አሳንሰን የማናየውም ስለዚህ ነው።

በ1939 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመው አጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርሰውን የፍትሐ ብሔር ክርክር ያይ ነበር። ዳኛው በአብዛኛው የአካባቢው ባለርስት ስለነበር፣ ጭሰኛው አቤት የሚለው ምርቱን በሚያካፍለው ሰው ፊት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የታወጁት የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ አዋጆች፣ በማኅበራት አባላት የተመረጡ ዳኞች በአንድነት የሚያስችሉበትን የፍርድ ሸንጎ አመጡ፤ አዋጅ ቁጥር 104/1969 የከተማውን አጠናከረ። ይህ ለሰፊው ሕዝብ ድል ነበር። ጉድለት አልነበረበትም ማለት ግን ሐቅን መካድ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀበሌ ሰው በሚያስርበት፣ የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃ በአናት ላይ በቆመበት ወቅት፣ «በጋራ ወሰንን» የሚለው ቃል ምን ክብደት ነበረው? ነፃነት የሌለው የጋራ ውሳኔ ሌላው የወሰነውን በማኅተም ከማጽደቅ አያልፍም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም ይላል፤ በሕግ የተደነገገ ሥርዓት የማይከተሉ ልዩ ፍርድ ቤቶችንም ይከለክላል። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቻርተር ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርሰውን ክርክር ሲሰጥ፣ የዕለት ተዕለቱ አሠራር ጥያቄ አብሮ ተነሣ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለተማረ ጠበቃ እንጂ ለልብስ አጣቢዋ አልተጻፈም።

ስለዚህ ዳኞች በጉባኤ ተቀምጠው የሚያወጡት የአሠራር ደንብ ያስፈልጋል እንላለን። መዝገብ በመጣበት ተራ ይታይ። ሠራተኛው ደመወዙ እንዳይቆረጥበት ችሎት ከሥራ ሰዓት ውጭ ይዋል። ከሁሉም በላይ፣ ተከራካሪው ዘመዱ ወይም የዕቁብ ጓደኛው የሆነ ዳኛ ሳይጠየቅ ከወንበሩ ይነሣ፤ በሐሳብ የተለየው ዳኛም ልዩነቱን በስሙ ያስመዝግብ። አንዳንዶች ልዩነት የሸንጎውን ክብር ያዋርዳል ይላሉ። እኛ ግን የሊቀ መንበሩን ፊት እያዩ በአንድ ድምፅ ማጨብጨብ የበለጠ እንደሚያዋርደው እናምናለን።

ደንቡ ወሰን አለው። ዳኞች ተስማሙ ተብሎ በሕግ የሌለ ቅጣት ወይም ክፍያ ሊፈጠር፣ የይግባኝ መብትም ሊነፈግ አይችልም። ደንቡ በመሳቢያ ሳይሆን በችሎቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም በማኅበሩ ስብሰባ ይነበብ።